ከመጨረሻዋ ኋላ

ለዛሬ ቀን ብቻ ስሜ መጥረጊያ ነው፤
ሥራዬም ከኋላ፣ መጨረሻ ከሚሮጠው
አሥር እርምጃ ርቆ፣ ጆንያ አንግቶ መሄድ፣
ብርቱካን ሪባኑን ከየዛፉ ፈትቶ ማጥፋት ነው መንገድ።
መቶ ሰማንያ ሰው የረገጠው ዱካ
እኔ ካለፍኩ ወዲያ ተራራ ነው ለካ።

ንጋት ላይ ሲነሱ ከሶቻ ወንዝ ዳር
ውሃው አረንጓዴ፣ ፀሐይ እንደነካው የጠርሙስ ስባሪ ነበር።
በተንጠልጣዩ ድልድይ አምስት አምስት ሆነው ሲያልፉ፣
ሽቦው ሲያቃስት፣ ጎረምሶቹ ሲሳሳቁ፣ ሲገፋፉ፣
እሷ ዳር ቆማ ጫማዋን ፈታ እንደገና አሰረች።
ዬርኔያ ናት፣ የፖስታ ቤቷ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷን በሚያዝያ ደፈነች።
ለሸለቆው ሁሉ ደብዳቤ ስታድል ሠላሳ ዓመት ኖራ፣
አንድም ቀን ሳትሮጥ፤ ቢጫ ሞተር ብስክሌቷን እያስነሳች ከጎህ ጋራ።

ተራራውን ክርን ይሉታል፤ እውነትም ክርን ነው፣
ግዙፍ ሰው ሲተክዝ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተክለው።
መንገዱ ይቆለመማል፣ የኖራ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣
ሁለት እርምጃ ሲወጡ አንዱን ጠጠር ይበላዋል።
ያለፈ ጦርነት ቆፍሮ የተወው ምሽግ በስተግራ፣
የዛገ ሽቦ ከሥሩ፣ ሰማያዊ አበባ ከላዩ ሲያበራ።
አንዴ ወደቀች።
እጄን ብዘረጋ፣ «ደንቡ አይፈቅድም» ብላ ድንጋዩን ያዘች፤
መዳፏ ደማ። በቅጠል ጠረገችው። ሄደች።

ከጫፉ ላይ ሲያዩት ወንዙ እንደ ክር ቀጥኗል፤
ባሕሩም፣ እንዲህ ጥርት ሲል፣ ከአድማስ ዳር እንደ ቢላ ስለት ተጋድሟል።
«እየው» አለች ቆማ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።
ሥራው እንዲህ ነው፤ ውበት ፊት ለፊት ቆሜ ደቂቃ ቆጠርሁ።
ቁልቁለቱ ላይ፣ ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ፣ «ምን አመጣሽ?» ስላት፣ እንዲህ አለችኝ፦
«ከታች ሆኜ ሳየው ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፤
ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ምን እንደምመስል ማወቅ አማረኝ።»
ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሙዝ ገምሳ ሰጠችኝ።

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር። የበግ ጋጥ፣ ድንኳን፣ የውሃ በርሜል።
ሲልቬስተር ቆሟል፣ የገዛ ወንድሟ፤ ሰዓት ባንገቱ አንጠልጥሏል።
ገደቡ ስምንት ሰዓት። አሁን ስምንት ከአራት ደቂቃ።
ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ሁለት ሰዎች መኪና ላይ ይጭናሉ ዕቃ።
«እህቴ» አለ፤ ቀጠለና፣ እንደማያውቃት፣ «ቁጥርሽን ስጪኝ።»
አልተከራከረችም። «እንካ፤ መርፌ ቁልፎቹን ግን መልስልኝ።»
የመኪናው በር ተከፍቶ ይጠብቃታል፤
ውሃ ጠጣች፣ ጫማዋን አጠበቀች፤ እግሯ ወደ ጫካው ያዘነብላል።
ሲልቬስተር ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ ጆንያዬ፤
«የአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሪባን ይቀረኛል» አልኩ፤ «ሥራዬ።»

ከዚያ ወዲያ ውድድር የለም። ጥድ ነው። ጥላ ነው።
አንዲት ሴት ታዘግማለች፣ አንድ ሰው ይከተላታል፤ ይኸው ነው።
አንድ ስፍራ ቆመች፤ ከቀኟ ያለውን ሪባን ፈትታ
ወደ ኋላ ሳታይ እጇን ዘረጋች፤ ተቀበልኳት በዝምታ።
እንዲህ ወረድነው፤ የቀኙን እሷ፣ የግራውን እኔ፤
የምትሄድበትን መንገድ ራሷ ስታጠፋው አየሁ በዓይኔ።

መንደር ስንደርስ መሽቷል። የመድረሻው ቅስት አየሩ ወጥቶ
እንደ በሬ ቆዳ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ፣
ሁለት ልጆች ይጠቀልሉታል። «ቆዩ!» አለች። ቆሙ።
ተራመደችበት፤ እንደ ፖስታ ቤት ማኅተም ሁለት የጭቃ ዱካዎች ታተሙ።
ኪሷን ዳብሳ ቆጠረች፤ መርፌ ቁልፎቹ አራት ናቸው፤
ልጆቹም ጠቀለሉት፣ ለከርሞ፣ ከነጭቃው።